ተራ ስፍራ በምን ይቀደሳል? ስለ አሜሪካ ሰዎች መንፈሳዊ ኑሮ

በአሜሪካ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ጽፎልን ነበር። እርሱና ወገኖቹ ገና የራሳቸውን ሕንፃ ስላልሠሩ ከአንድ የፕሮቴስታንት ማኅበር በተከራዩት አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ቅዳሜ ማታ በዚያ አዳራሽ የሰርግ ግብዣ ይደረግበታል፤ እሑድ ሳይነጋ የእኛ ሰዎች ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠግተው፥ ምንጣፍ አንጥፈው፥ መጋረጃ ሰቅለው ይቀድሱበታል፤ ረፋዱ ላይ ሁሉን አንሥተው፥ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ሲወጡ ባለቤቶቹ ይገባሉ። ተማሪያችን የጠየቀን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፥ ማታ የተጨፈረበትን ወለል ጧት ጫማ አውልቀን እንቁምበትን? የሚል ነው። ይህ አላስቸገረንም፤ ቅዳሴ የሚቀደስበት ወለል የኪራይ ነው ተብሎ በጫማ አይረገጥም ብለን መለስንለት።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ቀን አሳሰበን። «እኛ ስንወጣ አንዲት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ሴት ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ» ይላል ደብዳቤው፤ «ሥዕል የለ፥ መቅረዝ የለ፥ መቅደስ የለ። ከሦስተኛው ረድፍ ዳር ያለውን ወንበር ጀርባውን በእጃቸው ይዘው ጥቂት ይቆማሉ፤ ዓይናቸውም እንባ ያቀርራል። መምህር ሆይ፥ እነዚህ ሰዎች ስፍራ አይቀደስም የሚሉ አይደሉምን? ታዲያ ይህ ተራ አዳራሽ ለእርሳቸው በምን ተቀደሰ?»

ስለ ወይዘሮዋ ራሳቸውን በትሕትና ጠይቃቸው ብለን ጻፍንለት። እኛም በበኩላችን ስለዚያ አገር ሰዎች መንፈሳዊ ኑሮ በንባብ ያገኘነውን ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። ዘመኑንና ወሩን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ብዙ አያከራክርም። ሕንፃው ሲፈጸም ኤጲስ ቆጶሱ በቅብዓ ሜሮን ያከብረዋል፥ ታቦቱም ይገባል፤ ትናንት ግንበኛ እያፏጨ የሠራበት ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ በጫማ የማይረገጥ ይሆናል። ስፍራው የሚቀደሰው በሥልጣንና በሥርዓት ነውና ማን እንደ ቀደሰው፥ መቼም እንደ ተቀደሰ ይታወቃል። ከአሜሪካ ማኅበሮች ብዙዎቹ ግን ከዚህ ዓይነቱ ሥርዓት የወጡ፥ አንዳንዶቹም ከእርሱ ለመሸሽ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ፒዩሪታን የተባሉት የቀድሞ ሰፋሪዎች የጸሎት ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን ብለው መጥራትን እንኳ እምቢ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ ናቸው፥ ቤቱ ግን ቤት ነው ብለው «የመሰብሰቢያ ቤት» አሉት። በማሳቹሴትስ ግዛት በሂንግሃም ከተማ በ1681 የተሠራው እንዲህ ያለ ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ ይጸለይበታል፤ የጣሪያው እንጨት ከውስጥ ሲያዩት የተገለበጠ መርከብ ስለሚመስል «አሮጌው መርከብ» ይሉታል። እንዲህ ባሉት ቤቶች እሑድ ስብከት በተሰማበት አግዳሚ ላይ የከተማው ሰዎች በሥራ ቀን ተቀምጠው ስለ ግብርና ስለ መንገድ ይከራከሩ ነበር። ኩዌከር የሚባሉትማ ከዚያም አልፈው መድረኩን ጭምር አስቀሩት፤ በጥንታዊ ልማዳቸው መንፈስ አንዱን እስኪያናግረው ድረስ በአግዳሚ ተቀምጠው ዝም ይላሉ።

ስፍራ ቅዱስ አይሆንም ብሎ የተነሣ ሕዝብ ማለት ይህ ነው። ዛሬ ግን የዚያ ሕዝብ ልጆች ወደ ስንት ተራ ስፍራ እየሄዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ ስንመለከት እንገረማለን። ያዕቆብ በመንገድ መሽቶበት የተንተራሰው ድንጋይ በዙሪያው ከነበሩት ድንጋዮች በምንም የሚለይ አልነበረም፤ ሲነጋ ግን ዘይት አፈሰሰበት።

ይህን የአሜሪካኖችን ስሜት በግልጥ ከተናገሩት አንዱ ካህን ሳይሆኑ የመንግሥት ሰው ናቸው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በጌቲስበርግ ከተማ ዙሪያ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት 51,000 ያህል ሰው ሞተ፥ ቆሰለ፥ ተማረከ፥ ጠፋም። ከአራት ወር በኋላ ኖቬምበር 19 ቀን የወታደሮቹ መቃብር ሲመረቅ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ከሁለት ደቂቃ ብዙ ያልበለጠ ንግግር አደረጉ። ይህን መሬት እኛ በሕይወት ያለነው ልንቀድሰው አንችልም፥ የተዋጉበት ሰዎች አስቀድመው ቀድሰውታል የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። የስንዴና የፍራፍሬ እርሻ የነበረ መሬት ነው።

ከሊንከን በፊት ግን ማንበብና መጻፍ የተከለከሉ ሰዎች ይህን ነገር በኑሯቸው ያውቁት ነበር። በደቡብ ግዛቶች ባሪያዎች ያለ ነጭ ተመልካች ለጸሎት እንዳይሰበሰቡ በብዙ ስፍራ ታግደው ነበር፤ ናት ተርነር የተባለው ባሪያና ሰባኪ በ1831 በቨርጂኒያ ዐመፅ ካስነሣ በኋላ ሕጉ ይልቁን ጠበቀ። እነርሱም ሌሊት ወደ ጫካና ወደ ረግረግ እየገቡ፥ ቅርንጫፍ ቆርጠው ዳስ እየሠሩ ይጸልዩ ነበር። ከ1936 እስከ 1938 የመንግሥት ጸሐፊዎች በሕይወት የነበሩትን የቀድሞ ባሪያዎች እየጠየቁ ከ2,300 በላይ ሰዎችን ቃል መዝግበዋል። ከእነዚህ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ደጋግመው ያነሣሉ፤ ይኸውም ድምፃቸው እንዳይሰማባቸው የብረት ድስት በመሬት ላይ ደፍተው ይጸልዩ እንደ ነበር ነው። ድስት ድምፅን ይውጣልን? ብሎ የሚጠይቀን ተማሪ ቢኖር ወደ ፊዚክስ መምህሩ እንልከዋለን። እኛ የምናውቀው ቀን እህል የተቀቀለበት ድስት ሌሊት በር ጠባቂያቸው እንደ ነበር ነው። ሲነጋ ዳሱ ይፈርሳል፥ ድስቱም ወደ ምድጃው ይመለሳል፤ ከእነርሱ በቀር ስፍራውን የሚያውቀው አልነበረም።

ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች በሉዊዚያና የተወለደው ዊልያም ሴይሙር በ1906 በሎስ አንጀለስ ከተማ በአዙሳ መንገድ ቁጥር 312 የሆነ አሮጌ የእንጨት ቤት አገኘ። ቤቱ አስቀድሞ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ኋላ ግን የታችኛው ክፍል የፈረስ ጋጣና የዕቃ ማኖሪያ ሆኖ ነበር። ጋጣ መሆኑስ ለክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ባዶ የሚስማር በርሜል ደርድረው ሳንቃ አጋደሙበትና አግዳሚ ሆነ፤ ሰባኪው የሚቆምበትም አትሮንስ ተደራርበው የቆሙ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ። ሴይሙር በጸሎት ጊዜ ራሱን ወደ ላይኛው ሣጥን ውስጥ ያስገባ እንደ ነበር ያዩት ሰዎች ጽፈዋል። ጥቁርና ነጭ በብዙ የአሜሪካ ክፍል በባቡር እንኳ አብረው በማይቀመጡበት ዘመን በዚያ ጋጣ ጎን ለጎን ይንበረከኩ ነበር፤ የከተማው ጋዜጦችም ተሳለቁባቸው። በትምህርታቸው ከእኛ ጋር የማይስማማ ብዙ ነገር አለ፤ አሁን የያዝነው ግን የስፍራውን ነገር ነው። ቤቱ በ1931 ፈረሰ። ዛሬ በዚያ ያለው በጃፓን ተወላጆች ሰፈር የሚገኝ አደባባይ ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ የጴንጤቆስጤ ምእመናን ግን የመታሰቢያውን ሰሌዳ ፈልገው ቤት በሌለበት ቆመው ይጸልያሉ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ቢሆን ይኸው ነው። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የሚባለው ደራሲ ጁላይ 4 ቀን 1845 በማሳቹሴትስ በዎልደን ኩሬ ዳር በሠራት ጎጆ ገብቶ፥ እያሰበና እየጻፈ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ተቀመጠ። እኛ በገዳም ዓይን ስለምናየው «ምነው በቶሎ ወጣ!» ማለት ይቃጣናል፤ ከተማውም ከግማሽ ሰዓት መንገድ ብዙ አይርቅም ነበር። ሆኖም ጎጆዋ ከጠፋች በኋላ በ1872 ወዳጆቹ በነበረችበት አጠገብ ድንጋይ መከመር ጀመሩ፤ ጎብኚ ሁሉ አንዳንድ ድንጋይ እየጣለ ክምሩ እስከ ዛሬ አለ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችን ያረፈው ግን በኒው ሜክሲኮ ግዛት በቺማዮ መንደር ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ይህች ከጭቃ ጡብ የተሠራች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሳንታፌ ከተማ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የተፈጸመችው በ1816 ሲሆን ያሠራትም በርናርዶ አቤይታ የሚባል የዚያው መንደር ሰው ነው። ከመቅደሱ በስተጎን ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ክፍል አለ፤ በወለሉም ላይ ትንሽ ክብ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ አይደለም፥ ደረቅ አፈር ነው። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት በዚያ የነበሩት ቴዋ የሚባሉት ነባር ሕዝቦችም የስፍራውን አፈር ለፈውስ ያከብሩት እንደ ነበር ይነገራል። ምእመናኑ ከአፈሩ ቆንጥረው የታመመ አካላቸውን ያሻሉ፥ ጥቂትም ቋጥረው ለቀሩት ይወስዳሉ። በቀጣዩ ክፍል ግድግዳ ላይ የዳኑ ሰዎች የተዉት ምርኩዝ ተደርድሯል። ከጸበል ቦታ እምነት ቋጥራ የምትመለስ እናት ያየ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አይሻም።

እዚህ ላይ አንድ ያስደነቀን ነገር አለ። ጉድጓዱ በዚያን ያህል እጅ እየተዘገነ የማያልቀው በተአምር ነው የሚል ወሬ ነበር። ለረጅም ዘመን በዚያ ያገለገሉት ካህን ግን ወሬውን አልተቀበሉትም፤ አፈሩ ከአቅራቢያው ኮረብታ እየመጣ እንደሚሞላ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሕዝቡም ይህን ሰምቶ አልቀረም። እኛ በእርሳቸው ቦታ ብንሆን ይህን እውነት ለመናገር ድፍረቱ ይኖረን ነበርን? ብለን ራሳችንን ሳንጠይቅ አላለፍንም።

አፈሩ ከኮረብታው አፈር የማይለይ ከሆነ ስፍራውን ምን አከበረው? ቢሉ፥ እግር ነው እንላለን። በሰሙነ ሕማማት፥ ይልቁንም በዓርብ ስቅለት፥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአውራ ጎዳና ዳር በእግራቸው ይመጣሉ፤ መስቀል የተሸከሙም አሉ። ይህ ጉዞ ይበልጥ የጸናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ከኒው ሜክሲኮ ወደ ፊሊፒንስ የዘመቱ 1,800 ያህል ወታደሮች በ1942 በጃፓን ጦር እጅ ወደቁ፤ ብዙዎቹም ወደ ምርኮ ሰፈር በዱላና በጥማት እየተነዱ በእግራቸው ሄዱ። ያ ጉዞ የባታን የሞት ጉዞ ይባላል። ግማሾቹ ገደማ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ከተመለሱት ውስጥ በ1946 ስለ መትረፋቸው ለማመስገን ወደ ቺማዮ በእግር የሄዱ ነበሩ፤ በግድ የተጓዘ እግር በውድ ተጓዘ። በአጠገቡ ባለችው ሌላ ጸሎት ቤት ደግሞ የሕፃናት ጫማ ተደርድሮ ይታያል። ሕፃኑ ኢየሱስ ሌሊት ሌሊት ችግረኞችን ሊጎበኝ ሲዞር ጫማው ያልቅበታል ብለው ምእመናኑ የሚያመጡለት ነው። ተማሪያችን ስለ ጫማ ጽፎልን ነበርና ይህን ስናነብ ፈገግ አልን።

በአካባቢው ያሉ ሱቆች መያዣውን ይሸጣሉ እንጂ አፈሩ ዋጋ የለውም። ልጆች ሳለን መምህራችን «ቀደሰ» የሚለውን ግስ ሲፈቱልን «ለየ፥ አከበረ» ይሉን ነበር። ከምን ለየ? ብለን ያን ጊዜ አልጠየቅንም። ሁሉ ነገር ዋጋ በሚቆረጥለት አገር ስፍራ የሚለየው ከሁሉ አስቀድሞ ከገበያ እንደ ሆነ አሁን ይታየናል።

በዚያው በኒው ሜክሲኮ የታኦስ መንደር ነባር ሕዝቦች ሰማያዊ ሐይቅ የሚሉት ከተራራ ላይ የሚገኝ ሐይቅ አላቸው። ለእነርሱ ስፍራው የተቀደሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው እንጂ ሰው አንድ ነገር ስለ ሠራበት አይደለም፤ በዚህም እስካሁን ከቆጠርናቸው ስፍራዎች ሁሉ ይለያል። በየዓመቱ በኦገስት ወር ወደዚያ ይወጣሉ፥ ከወገናቸውም በቀር ማንም አብሮ አይወጣም። በ1906 መንግሥት ሐይቁንና ዙሪያውን ወስዶ ከብሔራዊ ደን ጋር ቀላቀለው። ሕንፃ የለበትምና ቤተ ጸሎት መሆኑ ለባለሥልጣኖቹ አልገባቸውም። በ1965 የመንግሥት ኮሚሽን መሬቱ ያለ አግባብ እንደ ተወሰደ ፈረደ፤ ካሣው ግን በገንዘብ ሆነ። የታኦስ ሰዎች ገንዘቡን አንቀበልም፥ ሐይቁን መልሱልን አሉ። የሸመገሉት የሃይማኖት አለቃቸውም እስከ ዋሽንግተን ድረስ ሄዱ። በመጨረሻ በዲሴምበር 1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን 48,000 ኤከር መሬት፥ ማለት ከ19,000 ሄክታር በላይ፥ የሚመልስላቸውን ሕግ ፈረሙ። ድኾች ነበሩ፤ ስድሳ አራት ዓመትም ጠበቁ።

ዋልተር ቤይሊ ግን ሕዝብም ጥንታዊ ሕግም ከኋላው ያልነበረው ብቻውን የቆመ ሰው ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በ1945 በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ አንድ ሆቴል ገዛ፤ ሚስቱ ሎሪ ትባል ነበርና ስሙን «ሎሬይን» አለው። ጥቁር መንገደኛ በነጮች ሆቴል ማደር በማይችልበት ዘመን ንጹሕ አልጋ የሚያገኝበት ቤት ነበር። በፌብሩዋሪ 1968 የከተማው የጽዳት ሠራተኞች ሁለት ጓደኞቻቸው በቆሻሻ መኪና ተጨፍልቀው ከሞቱ በኋላ 1,300 ያህል ሆነው ሥራ አቆሙ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እነርሱን ለመርዳት መጥተው በሎሬይን በ306 ቁጥር ክፍል ዐረፉ። ኤፕሪል 4 ቀን ማታ በ12 ሰዓት ገደማ ከክፍሉ ደጅ በረንዳው ላይ ቆመው ሳሉ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ሎሪ ቤይሊ በዚያው ማታ በድንገተኛ ሕመም ወደቀች፤ የኪንግ ቀብር በተፈጸመበት ቀንም ዐረፈች።

ባልዋ ከዚያ በኋላ 306 ቁጥርን ለማንም አላከራየውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆቴሉ እየከሰረ ሄዶ በ1982 በሐራጅ ተሸጠ፥ ለመታሰቢያ የተቋቋመ ማኅበርም በ144,000 ዶላር ገዛው። እስከዚያ ድረስ ዕዳ የተጫነው ባለ ሆቴል በየማታው ገንዘብ ሊያስገባለት የሚችለውን ክፍል ዘግቶ ኖረ። ጳጳስ አልቀባውም፥ ጉባኤ አልወሰነለትም፤ የክፍሉን ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው እምቢ አለ እንጂ። በ1991 ስፍራው ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ክፍሉ በዚያች ማታ እንደ ነበረ ተዘጋጅቶ በመስተዋት ውስጥ ይታያል፤ ያልተነጠፈ አልጋና የቡና ስኒ አለ። በበረንዳው ላይ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በ1988 ሆቴሉ ለሙዚየምነት ሲዘጋ በዚያ ትኖር የነበረች የመጨረሻዋ ተከራይ በግድ ወጣች፤ ከዚያም ከመንገዱ ማዶ ተቀምጣ ለብዙ ዓመታት ስትቃወም ኖረች። ኪንግን ማክበር ከሆነ ገንዘቡ ለድኾች መኖሪያ በዋለ ይሻል ነበር የሚል ነው ክርክሯ። ኪንግ ወደዚያ የመጡት ስለ ቆሻሻ ጫኞች ነውና ቃሏን ንቀን ማለፍ አልቻልንም። ደግሞም ያ ክፍል ዛሬ ለአንድ ሌሊት ይህን ያህል ተብሎ ሲከራይ ብናስበው ይዘገንነናል። በዚህ ጉዳይ ልባችን ለሁለት እንደ ተከፈለ ለአንባቢ አንደብቅም።

ይህን ጽፈን ወደ ማተሚያ ቤት ልንልክ ስንል የተማሪያችን ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። ወይዘሮዋን ጠይቋቸው ነበር። በዚያ ወንበር ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ማኅበሩ የአዳራሹን ወንበሮች በአዲስ ሲለውጥ ያ አንዱ እንዳይጣልባቸው ለምነው አስቀሩት፤ እርሱ ብቻ የእንጨት የሆነው ለዚህ ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ሳያውቁ በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ወደ ግድግዳ ይጎትቱት ነበር። አሁን በቦታው ትተውት ምንጣፉን ዙሪያውን ያነጥፋሉ፤ ቆሞ ለማስቀደስ አቅም ያነሳቸው ሽማግሌዎችም ሌላ ወንበር ያስመጣሉ እንጂ አይቀመጡበትም ይላል።